ሰንብቶ ስለሚበላ አይብ፤ በውስጡም ስለሚፈጠሩ ጐጂ ነገሮች

ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ግድም ከፍ በሚለው በደብረ ታቦር ደጋ አሬራ በዝግታ ሞቆ አጓቱ ሲጠልል አይብ ይሆናል። ይህ ወዲያው ስለሚበላ የምንናገርበት ጕዳት እምብዛም አያገኘውም። መጣጣ አይብ የሚባለው ግን ከቅመም ጋር ተለውሶ ለሳምንታት ተከድኖ ስለሚቈይ ነገሩ ሌላ ነው።

ባክቴሪያ የተባሉት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን የአይቡን ፕሮቲን ወደ አሚኖ አሲድ ይፈታሉ፤ አንዳንዶቹም ሂስቲዲን ከሚባለው ሂስታሚንን፥ ታይሮሲን ከሚባለው ታይራሚንን ያወጣሉ። (የታይራሚን ስም ራሱ አይብ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው።) የደጋው ብርድ ሥራቸውን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ከተፈጠሩም በኋላ እሳት አያጠፋቸውም፤ በመዓዛና በጣዕምም አይለዩም።

ብዙ የበላ ሰው ፊቱ ይቀላል፥ ራሱን ይፈልጠዋል፥ ልቡም ይመታል። ጤነኛ ጥቂቱን ይችለዋል፤ ለሳንባ ነቀርሳ ኢሶኒያዚድን የሚወስድ ሰው ግን መድኃኒቱ ሰውነት እነዚህን ነገሮች እንዳያፈርስ ስለሚያግድ በጥቂቱም ሊታመም ይችላል። ስለዚህ የየወረዳው ሹማምንት ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋግረው እንዲህ ያለው ሕመምተኛ የከረመ አይብ እንዲተው፥ መድኃኒቱን ግን ከቶ እንዳያቋርጥ ያስታውቁ። ለባለሙያዎቹም ላሚቱ በንጹሕ እጅ እንድትታለብ፥ ዕቃውም በፈላ ውሃ ታጥቦ በወይራ እንዲታጠን ማስተማር ይገባል፤ ክፉዎቹ ባክቴሪያዎች በእጅና በዕቃ ይገባሉና።