የሟች ዓይን ስንት ሰዓት ይላል?

ጎሕ ሲቀድ ቅጠልና ጭራሮ ሊለቅሙ እንጦጦ የወጡ ሴቶች ከባሕር ዛፍ ሥር የወደቀ ሰው አይተው ለፖሊስ ተናገሩ እንበል። ቤተሰብ ሲደርስ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መቼ ነው የሞተው?» ብሎ ነው። መርማሪውም የተጠርጣሪውንና የምስክሩን ቃል የሚመዝነው በዚችው መልስ ነው። መልሱን ለማግኘት ከሚረዱን መንገዶች አንዱ በዓይን ውስጥ ባለው ፈሳሽ ያለውን ፖታሲየም መለካት ነው። አሠራሩን ለጀማሪ የፎረንሲክ ሐኪሞችና አብረዋቸው ለሚሠሩ መርማሪዎች እነሆ።

በሕይወት ሳለን ሰውነታችን ፖታሲየሙን በሴሎች ውስጥ ይዞ ለማቆየት ያለ ዕረፍት ይሠራል። ነፍስ ስትወጣ ይህ ሥራ ይቆማል፤ ፖታሲየሙም ከሬቲና ወደ ዓይኑ ፈሳሽ ቀስ እያለ ይሰርጋል፤ ከመጠኑም ተነሥቶ ከሞት በኋላ ያለፈውን ሰዓት በቀመር መገመት ይቻላል። ደም ከሞት በኋላ ወዲያው ስለሚለዋወጥ ለዚህ አይሆንም። ዓይን ግን ዙሪያውን የተዘጋ ነው፤ መበስበስም ዘግይቶ ይደርስበታል።

ሥራው የሚጀመረው እዚያው ጫካው ውስጥ ነው። አስከሬኑ ከመነሳቱ በፊት አጠገቡ ያለውን የአየር ሙቀት ለኩና የለካችሁበትን ሰዓት ጻፉ። የፊንጢጣውንም ሙቀት ለኩ፤ ወሲባዊ ጥቃት ከተጠረጠረ ግን አስቀድሞ ናሙና ይወሰድ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል። ብርድ የፖታሲየሙን መጨመር ስለሚያዘገይ፣ ተራራው ላይ ያደረ አስከሬን በቀመር ሲሰላ ከእውነቱ ይልቅ በቅርቡ የሞተ ሊመስል ይችላል። የአየሩን ሙቀት ያልመዘገበ ሰው ይህን ስሕተት በኋላ የሚያርምበት የለውም።

ቀጥሎ ምስክር ጠይቁ። እኔ ከቀመሩ ይበልጥ የምፈራው እዚህ ላይ የሚፈጠረውን ስሕተት ነው። ምስክሩ «ማታ 2 ሰዓት ላይ በደኅና አይቼዋለሁ» ይላል፤ የላቦራቶሪው ማሽን የሚያትመው ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ነው። ሁለቱ ሳይለዩ አንድ ቅጽ ላይ ከሰፈሩ 6 ሰዓት ይዛባል። «ሰኞ ሌሊት» ሲባልም ለማክሰኞ አጥቢያ ነው ወይስ ለሰኞ አጥቢያ? ለይታችሁ ጻፉ። ሰዓት ያልያዙ እናት ቢሆኑ «እማማ፣ ሲያዩት የኪዳን ደወል ተደውሎ ነበር?» ብሎ መጠየቅ በግምት ሰዓት ከማስነገር ይሻላል።

የአዲስ አበባ ሰው አስከሬን ለምርመራ ተወሰደ ሲባል ለብዙ ዘመን የሚያስበው ምኒልክ ሆስፒታልን ነበር፤ ዛሬ ከእንጦጦ ግርጌ፣ እዚያው ጉለሌ ያለው ቅዱስ ጳውሎስም ይህን ሥራ ይሠራል። የትም ይሁን፣ የዓይኑ ፈሳሽ ናሙና ሳይውል ሳያድር ይወሰድ። ባለ 20 ጌጅ መርፌና ስሪንጅ ያዙ። የዓይኑን ቆብ ገልጣችሁ መርፌውን በውጭኛው ማዕዘን በኩል፣ በነጩ ላይ፣ ወደ ዓይኑ መካከል አስገቡ። ከዚያ በዝግታ ሳቡ። የሚመጣው እንደ እንቁላል ነጭ ያለ፣ የጠራና ዝልግልግ ፈሳሽ ነው፤ ከአንድ ዓይን 2 ወይም 3 ሚሊሊትር ይገኛል። በኃይል ከተሳበ የሬቲና ሴሎች ተቦጭቀው ይገቡና ፖታሲየሙን ያለ አግባብ ከፍ ያደርጉታል። የደፈረሰ ወይም የቀላ ናሙና ለዚህ ስሌት አይሆንም። የቀኝና የግራው ለየብቻ ይቀመጥ።

ቱቦውን ስትመርጡ ወይን ጠጅ ክዳን ያለውን አትንኩ፤ ውስጡ ያለው የደም መርጋት መከላከያ ራሱ ፖታሲየም አለበትና ውጤቱን ያበላሻል። ምንም ያልተጨመረበት ንጹሕ ቱቦ ይበቃል።

መርፌውን ከማውጣታችሁ በፊት በወሰዳችሁት ልክ ሳላይን መልሱበት። ዓይኑ ጎድጉዶ እንዳይቀር ነው፤ አስከሬኑ ሲገነዝ የልጃቸውን ፊት የሚያዩ ወላጆች አሉ።

ላቦራቶሪው ናሙናውን በሴንትሪፊውጅ አዙሮ ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ክሎራይድና ዩሪያ ይለካ። ሶዲየሙና ክሎራይዱ ወርደው ፖታሲየሙ ከ20 ሚሊሞል በሊትር ካለፈ መበስበስ ጀምሯልና ስሌቱን ተዉት። ዩሪያው ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ከሆነም ሟቹ ከመሞቱ በፊት ታሞ ቆይቶ ሊሆን ስለሚችል ቀመሩ አይታመንም።

ሁለት ቀመሮች በሰፊው ይታወቃሉ። የስተርነር፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ የመጣው፣ ፖታሲየሙን በ7.14 አባዝቶ 39.1 ይቀንሳል። የጀርመናዊው ማዴአ፣ እ.ኤ.አ. የ1989ኙ፣ በ5.26 አባዝቶ 30.9 ይቀንሳል። ፖታሲየሙ 12 ሚሊሞል በሊትር ቢሆን፣ ከሞት በኋላ ያለፈው ጊዜ በስተርነር 47 ሰዓት ያህል፣ በማዴአ 32 ሰዓት ያህል ይመጣል። አንዱ ዓይን፣ አንዱ ናሙና፣ የ15 ሰዓት ልዩነት! የማዴአው ራሱ ወዲህና ወዲያ 20 ሰዓት ገደማ ሊስት ይችላል። ስለዚህ አስከሬኑ ገና ካልቀዘቀዘ የፊንጢጣውን ሙቀት አስቀድሙ። የዓይኑ ፈሳሽ የሚጠቅመው አስከሬኑ ከአየሩ ጋር እኩል ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ በእንጦጦ ብርድ ደግሞ ይህ ቶሎ ይመጣል።

ሪፖርቱ ላይ አንዲት ሰዓት ብቻ አትጻፉ። በየትኛው ቀመር እንዳሰላችሁ፣ የአየሩን ሙቀት፣ ናሙናው የተወሰደበትን ሰዓት፣ ከዚያም «ከዚህ እስከዚህ» የሚለውን ስፋት አስፍሩ። ቆጠራው የሚጀምረው ናሙናው ከተወሰደበት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ አስከሬኑ ከተገኘበት አይደለም። እያንዳንዱንም ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፦ ማታ 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ 20፡00።