የበሪራ ጥያቄ



ሱረቱል ካህፍን ያልቀራችሁ ቅሩ፣ በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት አብዙ፤ ከዚያ ተረጋግታችሁ ይህችን አንብቡ። ዛሬ ትንሽ ረዘም ትላለች።

ስለ «ሴት በኢስላም» ሲወራ ሁሌም የምንሰማው ሁለት ዓይነት ንግግር ነው። አንዱ «ኢስላም ሴትን አክብሯል» ይልና እዚያው ያቆማል። ሌላው «ኢስላም ሴትን ጨቁኗል» ይልና እሱም እዚያው ያቆማል። ሁለቱም ወደ ዝርዝሩ አይገቡም። እኛ ግን ዛሬ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዘን እንግባበት፤ ኒካህን። ብዙዎቻችሁ በዚህ ዕድሜ ላይ ናችሁ፤ ወይ ልትጠየቁ ነው፣ ወይ ሽማግሌ ልትልኩ ነው፣ ወይ የእህታችሁ ጉዳይ ቤት ውስጥ እየተነሳ ነው። በዚህ ውል ውስጥ የሴቷ ቃል ምን ያህል ይመዝናል?

መልሱን ከበሪራ እንጀምረው።

በሪራ መዲና ውስጥ የምትኖር ባሪያ ነበረች። በየዓመቱ አንድ ኡቂያ እየከፈለች በዘጠኝ ኡቂያ ነጻ ልትወጣ ከጌቶቿ ጋር ተዋዋለች። እርዳታ ፈልጋ ወደ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሄደች፤ ዓኢሻም ገዝታ ነጻ አወጣቻት። በሪራ ባል ነበራት፤ ሙጊስ ይባላል፤ እሱም ባሪያ ነው። እሷ ነጻ ስትወጣ ሸሪዓው ምርጫ ሰጣት፤ ከፈለገች ከእሱ ጋር ትቀጥላለች፣ ካልፈለገች ትለያለች። በሪራ መለየትን መረጠች።

ሙጊስ ግን ይወዳታል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በመዲና መንገዶች ከኋላዋ እየተከተለ ሲያለቅስ፣ እንባው በጺሙ ላይ ሲወርድ ዛሬም የሚያየው ያህል አድርጎ ይነግረናል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሱ ፍቅርና የሷ ጥላቻ ምን ያህል እንደሆነ ለአጎታቸው ለዐባስ በመገረም አነሱለት። ከዚያም በሪራን ወደ ሙጊስ ብትመለስ ምን አለበት ብለው አናገሯት። እሷም የምታዙኝ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም እያማለድኩ ብቻ ነው አሏት። እንግዲያውስ አልፈልገውም አለች። ጉዳዩ እዚያው አበቃ። ዘገባው ቡኻሪ ውስጥ ነው።

ይህን ቀስ ብላችሁ አስቡት። ተናጋሪዋ ማናት? እስከ ቅርብ ቀን ድረስ ስትሸጥና ስትገዛ የነበረች ሴት። ያነጋገሯትስ ማን ናቸው? የአላህ መልእክተኛ። በዱንያ ላይ ከሳቸው የበለጠ ምልጃው የሚከበርለት ሰው የለም። እሷ ግን ትእዛዝንና ምልጃን ለየች። ትእዛዝ ቢሆን ኖሮ ትታዘዝ ነበር፤ ጥያቄዋ ራሱ ይህን ያሳያል። ምልጃ መሆኑን ስታውቅ የራሷን ቃል ተናገረች። እሳቸው አልተቆጧትም፣ ውለታ ቢስ አላሏትም፣ የሚያለቅሰውን ሰው እያሳዩ ልቧን አላስጨነቋትም። ዑለማኦችም ታሪኩን ደብቀው አላለፉትም፤ ኢብኑ ጀሪር አጥ-ጠበሪና ኢብኑ ኹዘይማ በበሪራ ሐዲስ ላይ ራሱን የቻለ ሥራ እንደጻፉ ኢማም ነወዊ ያወሳሉ።

አሁን ወደ ቤታችን ተመለሱ። «ሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥተናል፣ አታዋርጂን።» «አባትሽ ታሟል፣ ይህን ሳያይ ቢሞትስ?» «እኛ ከአንቺ የተሻለ እናውቃለን።» ይህ ሁሉ ምልጃ ነው፤ ምልጃም ሐላል ነው። ችግሩ ምልጃው የትእዛዝ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ነው። ልጅቷ ልዩነቱን እንዳትጠይቅ ሲደረግ ደግሞ የባሰ ነው።

ከኢስላም በፊት ነገሩ እንዴት እንደነበር ማወቅም ይጠቅማል። ኢብኑ ዐባስ እንደሚነግረን በጃሂሊያ ዘመን አንድ ሰው ሲሞት ዘመዶቹ በሚስቱ ላይ ባለመብት ይሆኑ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ከፈለገ ራሱ ያገባታል፣ ከፈለጉ ለሌላ ይድሯታል፣ ካልፈለጉም እንዳታገባ ይከለክሏታል። ከግመሉና ከድንኳኑ ጋር የምትወረስ ነበረች ማለት ነው። የሱረቱ-ን-ኒሳእ 19ኛ አንቀጽ የወረደው ይህን ሊያስቀር ነው። ሁለት አንቀጽ ወረድ ብላችሁ 21ኛውን ብታዩ ደግሞ ጋብቻን አላህ «ሚሳቀን ገሊዛ» ብሎ ይጠራዋል፤ ጽኑ ቃል ኪዳን ማለት ነው። ይኸው አጠራር በሱረቱል አሕዛብ 7ኛ አንቀጽ ላይ አላህ ከነብያት ለያዘው ቃል ኪዳን ተነግሯል። ያለ ፈቃዷ የተጎተተች ሴት ምን ዓይነት ቃል ኪዳን ልትገባ ትችላለች?

ኸንሳእ ቢንት ኺዛም የምትባል የአንሷር ሴት ነበረች። ከዚህ በፊት አግብታ የምታውቅ ናት። አባቷ ሳትፈልግ ዳራት። ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዳ ነገረቻቸው፤ ኒካሁን ውድቅ አደረጉት። ይህም ቡኻሪ ውስጥ ነው። ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ ደግሞ የአንዲት ወጣት ልጅ ታሪክ ዘግበዋል፤ አባቷ ክብሩን ከፍ ለማድረግ ብሎ ለወንድሙ ልጅ ዳራት፣ እሷም መጥታ ከሰሰች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውሳኔውን ለሷ ሲሰጧት፣ አባቷ ያደረገውን እንደተቀበለች ተናገረች። የመጣችው ግን አባቶች በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻቸውን መወሰን እንደማይችሉ ሴቶች እንዲያውቁ ፈልጋ ነው። በሰነዱ ላይ ሙሐዲሶች የተነጋገሩበት ዘገባ ነው፤ ኢብኑ ዐባስ የዘገበውና አቡ ዳውድ ያሰፈረው ተመሳሳይ ሐዲስ ግን ከጎኑ ይቆማል። እኔን የሚገርመኝ የልጅቷ ብስለት ነው። ባሏን አልጠላችውም፤ ለኛ ብላ ነው የተከራከረችው።

«ዝምታዋ ፈቃዷ ነው» የሚለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሐዲሱ ሶሒሕ ነው፤ ግን ከየት እንደመጣ አስተውሉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድንግል ልጅ ፈቃዷ ሳይጠየቅ እንዳትዳር ሲሉ፣ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ልጅቷ ታፍራለች እኮ ብላ አነሳች። ዝምታዋ ፈቃዷ ነው የተባለው ያኔ ነው። ማለትም መጀመሪያ ጥያቄ አለ፣ ዝምታው የሚመጣው ከጥያቄው በኋላ ነው። ያልተጠየቀች ልጅ ዝም አለች አይባልም፤ አልተጠየቀችም ነው የሚባለው። ለዓይን አፋር ልጅ ማቅለያ ሆኖ የመጣን ነገር አፍ መዝጊያ ማድረግ ሐዲሱን መገልበጥ ነው።

እዚህ ላይ ሐቁን ልንገራችሁ፤ በፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ ኺላፍ አለ። በሻፊዒይ መዝሀብ አባት ወይም የአባት አባት ድንግል ልጁን ፈቃዷን ሳይጠይቅ መዳር ይችላል፤ መጠየቁ ግን ተወዳጅ ነው። ለዚህም ሸርጥ አስቀምጠዋል፤ በሷና በአባቷ መካከል ግልጽ ጠላትነት እንዳይኖር፣ ባልየው አቻዋ እንዲሆን፣ መህሩን የመክፈል አቅም እንዲኖረው። አቡ ሐኒፋ ደግሞ ለአቅመ ሄዋን የደረሰች ባለ አእምሮ ልጅ፣ ድንግልም ብትሆን አትገደድም ብለዋል። ኢብኑ ተይሚያ የሐንበሊ ሰው ሆነው በዚህ ጉዳይ ከዚህ ሐሳብ ጋር ቆሙ። ተማሪያቸው ኢብኑል ቀዪም ያነሱት ክርክር ለማንም ይገባል፤ አባት ከልጁ ገንዘብ ትንሿን እንኳ ያለ ፈቃዷ ማውጣት ካልቻለ፣ ራሷን እንዴት ያለ ፈቃዷ ለሌላ አሳልፎ ይሰጣል? በአገራችን ሻፊዒይም ሐነፊይም አለ፤ «መዝሀባችን ይፈቅዳል» የሚል አባት ቢያጋጥማችሁ የመዝሀቡን ሸርጦች ጭምር እንዲያነብ በአደብ ጠይቁት። በኦቶማን ዘመን 1917 የወጣው የቤተሰብ ሕግም በማስገደድ የተደረገን ኒካህ አልተቀበለም።

አሁን ወደ እኛ ምድር እንምጣ፤ ከታሪኩ አንዱ ክፍል የተፈጸመው እዚሁ ሐበሻ ነውና። ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) የመካው መሪ የአቡ ሱፍያን ልጅ ናት። ከባሏ ጋር ወደ ሐበሻ ተሰደደች፣ ባሏ እዚሁ ሞተ። አባቷ ያኔ የሙስሊሞች ጠላት ነው፤ በባዕድ አገር ብቻዋን ቀረች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊያገቧት ፈልገው ለነጃሺ መልእክት ላኩ። በሲራ መጻሕፍት እንደተተረከው ነጃሺ መጀመሪያ የላከው ወደ ራሷ ነው፤ አብረሃ የምትባል አገልጋዩ መጥታ አበሰረቻት፣ ወኪልሽን ሹሚ አለቻት። ኡሙ ሐቢባ በደስታ ያደረገችውን የብር አምባር አውልቃ ሰጠቻት፤ ከዘመዶቿም ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድን ወኪሏ አደረገች። ኒካሁ የታሰረው ከዚያ በኋላ ነው። ነጃሺም መህሩን ከራሱ ከፈለ፤ በአቡ ዳውድ ዘገባ 4,000 ዲርሃም፣ በሲራ መጻሕፍት ደግሞ 400 ዲናር ነው። የሌሎቹ የነብዩ ባለቤቶች መህር ወደ 500 ዲርሃም እንደነበር ዓኢሻ ተናግራለች። እንግዲህ አስቡት፤ መልእክቱ ከመዲና ባሕር ተሻግሮ መጣ፣ ያስተናገደው ንጉሥ ነው፣ ጠያቂው ነብይ ናቸው፤ ያም ሆኖ እሷ ሳትሰማና ሳትስማማ ነገሩ አልተጀመረም። ዛሬ ልጅቷ ጅዳ ወይም ቤሩት እየሠራች ደሴ ላይ ኒካህ ሲታሰር፣ መጀመሪያ የሚደወለው ለማን ነው?

መህርን ካነሳን አይቀር፤ መህር የሷ ነው። የሱረቱ-ን-ኒሳእ 4ኛ አንቀጽ ለሴቶቹ ስጡ ይላል፤ ለአባት ወይም ለወንድም አይልም። አባት ተቀብሎ ለድግስ ካዋለው የልጁን ገንዘብ ነው ያዋለው። ጥሎሽና መህርንም አታደባልቁ፤ ጥሎሽ የአገር ባህል ነው፣ መህር ግን የአላህ ግዴታ ነው። መጠኑ ትንሽም ትልቅም ሊሆን ይችላል። ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) አቡ ጦልሓን ሲጠይቃት መህሯን የሱን መስለም አድርጋለች። (ዑመር የመህርን ጣራ ሊወስኑ ሲሉ አንዲት ሴት መለሰቻቸው የሚለውን ታሪክ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ዝነኛ ነው፣ ግን ሰነዱ ላይ ንግግር አለ፤ ያለሱም በቂ ማስረጃ አለን።)

ብዙ እህቶች የማያውቁት ሌላ ነገር ሸርጥ ማስገባት ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከውሎች ሁሉ ይበልጥ ሊሞላ የሚገባው የኒካህ ሸርጥ መሆኑን አስተምረዋል፤ ቡኻሪ ዘግቦታል። በሐንበሊ መዝሀብ ሴቷ ከአገሬ እንዳታስወጣኝ ወይም በላዬ እንዳታገባ ብላ ብታስጽፍ ሸርጡ ይጸናል፤ ባልየው ካፈረሰ ውሉን የማፍረስ መብት አላት። ሌሎች መዝሀቦች ይህን ጠበብ አድርገው ያዩታል። በቱኒዚያዋ ቀይረዋን ከተማ ግን ባል ሌላ ካገባ ምርጫው በሚስት እጅ ይሆናል ተብሎ በኒካህ ወረቀት ላይ የሚጻፍበት የታወቀ ልማድ ነበር፤ የቀይረዋን ሶዳቅ ይባላል። ስለዚህ እህቴ፣ ትምህርትሽን መጨረስ የምትፈልጊ ከሆነ ከኒካሁ በፊት ተናገሪና ይጻፍልሽ፤ በኋላ «ቃል ገብቶልኝ ነበር» ከማለት ይሻላል። አንተም ወንድሜ፣ ስትጠየቅ አትከፋ። የማትሞላውን ደግሞ አትፈርም።

ለማወቅ ያህል፣ የአገራችን የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የሁለቱን ፈቃድና 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳያችሁን የሚያየውም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው፤ ይህ የሷንም ስምምነት ይጨምራል።

እስካሁን ያወራነው «እምቢ» ስለማለት ነው። «እሺ» ብላ ቤተሰብ እምቢ ያላትስ? መዕቂል ኢብኑ የሳር (ረ.ዐ) እህቱን ለአንድ ሰው ዳራት። ሰውዬው ፈታት፣ ዒዳዋም እስኪያልቅ ዝም አለ። ከዚያ ተመልሶ ሊያገባት መጣ። መዕቂል ተናደደ፤ አክብሬ ድሬልህ ፈታሃት፣ አሁን ደግሞ ልትጠይቃት መጣህ፣ በአላህ እምላለሁ አትመለስልህም አለው። በመዕቂል ማንም አይፈርድም፤ ወንድም ሆኖ እንዲህ የማይቆጣ የለም። ነገር ግን ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም፣ እህቱም ልትመለስለት ትፈልግ ነበር። ያኔ የሱረቱል በቀራ 232ኛ አንቀጽ ወረደ፤ በመልካም ሁኔታ ከተስማሙ ሴቶቹን አትከልክሏቸው የሚል ትርጉም ያለው ነው። መዕቂል አንቀጹ ሲነበብለት የመሐላውን ከፋራ ከፈለ፣ ሰውዬውን ጠራው፣ እህቱን መልሶ ዳረለት።

ወላሁ አዕለም።