ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የሚደረግ የሶፍትዌር ቅንብር ኦዲት፦ የዘመን አቆጣጠርና የወባ ሪፖርት በይፋት ቆላ

ሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ያለው የይፋት ቆላ ወባማ አካባቢ ነው። የክረምቱ ዝናብ ካባራ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሕሙማን ቁጥር ከፍ ይላል። የጤና ተቋማት ወርኃዊ ሪፖርት እስከ ጤና ሚኒስቴር የሚደርሰው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው ሶፍትዌር ነው። ልማቱን የሚመራው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ስለሆነም የአገሩን ልማድ የሚሸከመው በአብዛኛው ኮዱ ሳይሆን ቅንብሩ ነው። ኮዱ ደኅና ሆኖ ሳለ ቅንብሩ ሊሳሳት ይችላል።

ቀድሞ ሊመረመር የሚገባው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ለመላው ሥርዓት የሚመረጠው አንድ አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ምዝገባ ከተጀመረ በኋላ መለወጡ ቀደም ሲል የገባውን መረጃ ሊያዛባ ይችላል። 201601 የሚለው የወር መለያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 2016 ነው፤ በጎርጎርዮሳዊው ግን ጃንዋሪ 2016፣ ማለትም ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደኋላ ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ወራት በመሆናቸው ኮምፒውተሩ ስሕተት መኖሩን አያመለክትም። ኦዲተሩ መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ቀናትን ማስገባት ይኖርበታል፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ሥርዓቱ ሊቀበል፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን ግን ሊመልስ ይገባል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የከፍተኛ ቁጥር ገደቡ ነው። ወርኃዊው ሪፖርት ከ21 እስከ 20 ያለውን ጊዜ ስለሚሸፍን፣ የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 ተነሥቶ ጳጉሜንን ያጠቃልላል። በዚህም 35 ቀናት፣ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ደግሞ 36 ቀናት ይይዛል። በሽታው ፈጽሞ ሳይጨምር የሕሙማኑ ቁጥር 17 በመቶ ያህል ከፍ ሊል ይችላል። ገደቡ በ30 ቀን ስሌት ከተቀመጠ ሥርዓቱ በየዓመቱ በመስከረም ያስጠነቅቃል፤ የሐሰት ማስጠንቀቂያ የለመደ ባለሙያም እውነተኛው ወረርሽኝ ሲመጣ ሊዘናጋ ይችላል። ጊዜው ደግሞ ለቆላው የወባ ወቅት መግቢያ ነው። ስለዚህ ከጠቅላላ ድምር ይልቅ የአንድ ቀን አማካይን ማወዳደር ይሻላል።

የሙከራው ሰርቨርና የዋናው ሰርቨር ቅንብሮችም በፋይል ወጥተው መስመር በመስመር ሊነጻጸሩ ይገባል። በሙከራው ላይ የታረመ ገደብ ወደ ዋናው ሳይሻገር ሊቀር ይችላልና። ንጽጽሩን የሚያጸድቀው ቅንብሩን ያዘጋጀው ባለሙያ ባይሆን ይመረጣል፤ የ21ን ልማድ የሚያውቅ የወረዳ መረጃ ሠራተኛ ከጎኑ ቢቀመጥ ሥራው ይቀላል።