ጉሮሮ ታሞ ልብ የሚጎዳው ለምንድን ነው?

ዛሬ ብዙ ወላጆች «ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» ብለው ችላ ስለሚሉት፣ ነገር ግን የልጅን ልብ ለዘለቄታው ሊጎዳ ስለሚችል ሕመም እንነጋገራለን።

አላህ (ሱ.ወ.) ለሰውነታችን ጠባቂ አድርጎለታል። ጀርም ሲገባ ሰውነት አንቲቦዲ የተባለ መከላከያ ያመርታል፤ አንቲቦዲውም ጀርሙን ለይቶ ይይዘዋል። ሆኖም ስትሬፕቶኮከስ የተባለው የጉሮሮ ባክቴሪያ ከልብ ጡንቻና ከልብ ቫልቭ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው። ስለዚህ በአንዳንድ ልጆች ላይ ለጀርሙ የተዘጋጀው አንቲቦዲ የራሳቸውን ልብ እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል።

በሽታው በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከጉሮሮው ሕመም ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ነው።

ምልክቶቹ፦
• ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሕመም
• የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መፍጠን
• ያለ ፈቃድ የእጅና የእግር መወራጨት። ይህን ከጂን ጋር ብቻ አያይዘው ሐኪም ከማሳየት አይዘግዩ፤ ሩቅያ ሕክምናን አይከለክልም።

ምን እናድርግ?

1. ንፍጥና ሳል ያለበት የጉሮሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የቫይረስ ስለሆነ ፔኒሲሊን አያስፈልገውም። ሳል ሳይኖር ትኩሳት፣ የአንገት ዕጢ እብጠት ወይም ቶንሲሉ ላይ መግል ካለ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ መታከም ልብን ያድናል።

2. የ10 ቀን መድኃኒት ከታዘዘ፣ ልጁ በ3ኛው ቀን ቢሻለውም አያቋርጡ።

3. እንጥል ማስቆረጥ በሽታውን አይከላከልም፤ ይልቁንም ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

4. አንድ ጊዜ በሩማቲክ ትኩሳት የተያዘ ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት መወጋት አለበት። አዲስ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ጥቃቱን እንደገና ይቀሰቅሳል፤ በእያንዳንዱ ጥቃትም ቫልቩ ይበልጥ ይበላሻል። በረመዳንም ቀጠሮው አይለፈው፤ ለምግብነት የማይሰጥ የጡንቻ መርፌ ጾም እንደማያስፈታ ብዙ ዑለማዎች ያስረዳሉ።

ለዚህ ባክቴሪያ እስካሁን ክትባት አልተገኘም። ስለዚህ ሰበቡን እናድርስ፣ ከዚያም በአላህ እንመካ። አላህ ለልጆቻችን ዓፊያውን ይስጥልን፤ አሚን!