ሳንማር የምናውቀው ሰዋስው

«ልጁ ይመታል» የሚል ጽሑፍ ቢያጋጥመን፣ ልጁ መቺ ይሁን ተመቺ ከፊደሉ ብቻ መለየት አንችልም። በንግግር ግን ችግሩ የለም። ቃሉ ላልቶ ሲነገር ልጁ ሌላውን ይመታል፤ «መ» እና «ታ» ጠብቀው ሲነገሩ ዱላው በራሱ በልጁ ላይ ያርፋል። ይህን ልዩነት ትምህርት ቤት ያልረገጠ ሕፃንም ያውቀዋል፤ ማንም ግን አስቀምጦ አላስተማረውም። የሥነ ልሳን ዋና ሥራ ተናጋሪው ሳይታወቀው የሚገለገልበትን እንዲህ ያለ እውቀት አውጥቶ ማሳየት ነው። «እንዲህ ብለህ ተናገር» ብሎ ማዘዝ ሥራው አይደለም።

ያንኑ «ይመታል» ይዘን እንቀጥል። ሥነ ድምፅ፣ በተለምዶ ፎነቲክስ የምንለው፣ አፋችን ምን እንደሚሠራ ይመረምራል፤ «መ» ሲጠብቅ ከንፈሮቻችን እንደተገጠሙ ጥቂት ይቆያሉ። ፎኖሎጂ ደግሞ ያ ቆይታ በቋንቋው ውስጥ ምን ሥራ እንዳለው ይጠይቃል። በአማርኛ ትርጉም ይለውጣል፤ በብዙ ቋንቋዎች ግን አንድ ድምፅ ረዘመም አጠረም ቃሉ ያው ነው። በተቃራኒው «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በጽሑፍ ሦስት ቢሆኑም በአማርኛ ተናጋሪ አፍ አንድ ናቸው። አጥኚው ከፊደል ይልቅ ድምፅን የሚያስቀድመው ስለዚህ ነው።

የቃላትን አወቃቀር የሚያጠናው ሥነ ምዕላድ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀው እሱ ነው። «ተመታ» ስንል ተደራጊነትን የሚያሳየው «ተ» በግልጽ ይሰማል። «ይመታል» ስንል ታዲያ የት ገባ? አልጠፋም። ከተከታዩ «መ» ጋር ተዋሕዶ «መ»ን አጠበቀው። «ተሰበረ» ብለን «ይሰበራል» ስንልም የ«ሰ» መጥበቅ የዚያው «ተ» አሻራ ነው። ማስረጃው ደግሞ «ታሰበ» ነው። ግሱ «አሰበ» በአናባቢ ስለሚጀምር «ተ» የሚዋሐደው ተነባቢ አያገኝም፤ ስለዚህ «ይታሰባል» ስንል እስካሁን ይሰማል። የ«ሰ» መጥበቅ ግን ከግሱ ቅርጽ የመጣ ሌላ ጉዳይ ነው።

አገባብ ቃላት እንዴት እንደሚሰናሰሉ ያጠናል። «አስቴር ልጅ መታች» ይባላል፤ ልጁ የታወቀ ከሆነ ግን «ልጁን» ማለት ግድ ነው። «አስቴር ልጁ መታች» የሚል ተናጋሪ ስለሌለ፣ አጥኚዎች እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር በፊቱ ኮከብ አድርገው ይጽፉታል። ያ ኮከብ ከመመሪያ መጽሐፍ የመጣ ፍርድ አይደለም፤ የተናጋሪው ጆሮ የሰጠው ነው።

ሥነ ፍቺ «ከበሮ መታ» እና «ፀሐይ መታው» ምን እንደሚያገናኛቸው ይጠይቃል። ፕራግማቲክስ ወደ ሁኔታው ይሻገራል፤ ጎረቤት «ቡና ፈልቷል» ስትል ወሬ መንገሯ አይደለም፣ ኑ ማለቷ ነው። ማን ማንን «አንተ»፣ ማንን «እርስዎ» ይላል የሚለው የማኅበረ ልሳን ጉዳይ ነው። ታሪካዊ ሥነ ልሳን በበኩሉ፣ ግዕዝ ግሱን ብዙ ጊዜ ሲያስቀድም አማርኛ ለምን መጨረሻ ላይ እንደሚያኖረው ይመረምራል፤ ብዙ ምሁራን ምክንያቱን ከኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይም ከአገው ጋር ከነበረው ረጅም ግንኙነት ያያይዙታል።

ጥናቱ የሚካሄደው በዋናነት ከተናጋሪ ጋር ተቀምጦ ነው። ሕጉ ምንድን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ብዙዎቻችን ብንጠየቅ አንመልሰውም። አጥኚው ዐረፍተ ነገሩን እየለዋወጠ «ይህስ ይባላል?» ይላል፣ ይቀዳል፣ ያነጻጽራል። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ሳይረግጥ እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ስላስተማሩት ነው። ሮም ላይ ተዋውቀው እ.ኤ.አ. በ1652 በጎታ ከተማ አብረው ሠርተዋል። በሽፋኑ ላይ ስሙ የተጻፈው የሉዶልፍ ነው፤ የአማርኛው ጆሮ ግን የአባ ጎርጎርዮስ ነበር።