ከተዘጋጀ ጥቅል ወይስ ከምንጭ ኮድ?
(ለውይይት የቀረበ አጭር ጥናት)

ባለፈው የትምህርት ወቅት በጥናት ክበባችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ገሚሶቻችን «ሶፍትዌርን ተዘጋጅቶ ከቀረበ ጥቅል መጫን የሰነፍ ሥራ ነው፤ ተማሪ የሆነ ሁሉ ከምንጭ ኮድ ራሱ መገንባት ይገባዋል» ስንል፣ ገሚሶቻችን ደግሞ «ሌላው የሠራውን እንደገና መሥራት ጊዜ ማባከን ነው» ብለን ተሟገትን። ክርክሩ ሳይቋጭ፣ አንድ አባላችን የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ ሦስት ቀን ሲቀረው የስሌት ፕሮግራሙ አልነሣ አለው። ምክንያቱን ስንመረምር ያገኘነው ትምህርት ሌሎችንም ይጠቅማል ብለን ስላመንን ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

1. የሁለቱ መንገዶች ምንነት

ምንጭ ኮድ ማለት የፕሮግራሙ ደራሲ፣ ሰው ሊያነበው በሚችል የፕሮግራም ቋንቋ የጻፈው ጽሑፍ ነው። በሲ ቋንቋ የተጻፈን ኮድ ኮምፒዩተሩ እንዳለ ሊያስኬደው አይችልም፤ ኮምፓይለር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ ሊለውጠው ይገባል። ብዙውን ጊዜ ሥራው በሦስት እርምጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ «ኮንፊገር» የተባለው ስክሪፕት ለግንባታው የሚያስፈልገው ነገር በኮምፒዩተሩ ላይ መኖር አለመኖሩን ይፈትሻል። ቀጥሎ «ሜክ» የተባለው ትእዛዝ ኮምፓይለሩን እየጠራ ፕሮግራሙን ይገነባል። በመጨረሻ «ሜክ ኢንስቶል» የተገነባውን በየቦታው ያስቀምጣል።

ጥቅል ግን ይህ ሁሉ ድካም በሌሎች እጅ አልቆ የሚቀርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተውን ዴቢያንን ብንወስድ፣ የየጥቅሉ ኃላፊዎች ኮዱን ከደራሲዎቹ ተቀብለው ከሥርዓቱ ጋር ያስማሙታል፤ ተገንብቶም በዲጂታል ፊርማ በሚረጋገጥ ማከማቻ ይቀርባል። ጥቅል አስተዳዳሪው ፕሮግራም ደግሞ አስፈላጊ የሆኑትን ሌሎች ላይብረሪዎች አብሮ ያመጣል፤ የትኛው ፋይል የየትኛው ጥቅል እንደሆነም ይመዘግባል። በአገራችን ምሳሌ ብናስረዳ፣ አንዱ ጤፉን አበጥሮና አስፈጭቶ፣ አቡክቶ መጋገር ነው፤ ሌላው የተጋገረውን እንጀራ ከሱቅ መግዛት ነው።

2. በአባላችን ላይ የደረሰው

አባላችን ለስሌቱ የሚያስፈልገው ላይብረሪ በጥቅል ከቀረበው የበለጠ አዲስ እትም ነበር። ስለዚህ ከምንጭ ገነባው። እስከዚህ ድረስ ስሕተት አልሠራም። ስሕተቱ ያስቀመጠበት ቦታ ነው። በራሱ ማኅደር በማኖር ፈንታ ጥቅል አስተዳዳሪው በሚጠብቀው የሥርዓቱ ማኅደር ውስጥ፣ በአሮጌው ላይ ደርቦ ጫነው። አስተዳዳሪው ስለዚህ ለውጥ የሚያውቀው አልነበረም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የመጣው መደበኛ ማሻሻያ በተራው የአባላችንን ፋይሎች በከፊል ደምስሶ ጻፈባቸው። ገሚሱ ከአንዱ፣ ገሚሱ ከሌላው እትም የሆነ ላይብረሪ ቀረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሆነ። ጥቅሉን መልሰን ለመጫን፣ አዲሱን እትም በተለየ ማኅደር ለመገንባትና ስሌቱን እንደገና ለማስኬድ ሁለት ሌሊት ፈጀብን። ጽሑፉ በመጨረሻው ቀን ተረከበ።

3. «ከምንጭ የተገነባ ሁሉ ንጹሕ ነው» ስለሚለው እምነት

በክርክራችን ላይ አንዱ ወገን ያነሣው ሌላ ነጥብ የእምነት ጉዳይ ነው። በጥቅል ውስጥ የሌላ ሰው እጅ አለበት የሚለው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የዴቢያን ሰዎች በኦፕን ኤስኤስኤል ኮድ ላይ ያደረጉት አንዲት ለውጥ የምሥጢር ቁልፎች የሚፈጠሩበትን የዘፈቀደነት ምንጭ አደረቀችው። በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ፣ ለአንድ ዓይነትና መጠን ቁልፍ ሊወጡ የሚችሉት አማራጮች ከ33 ሺህ በታች ሆኑ። ጉድለቱ የታወቀው በ2008 ነው። የደራሲዎቹን ኮድ ራሱ የገነባ ሰው ከዚህ ጉዳት ነጻ ነበር።

ነገር ግን ተቃራኒውም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤክስዜድ በተባለው የመረጃ መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ ሥውር መግቢያ በር ተገኘ። ማስነሻው በይፋ በተለቀቀው የምንጭ ኮድ ማኅደር ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ሁሉም በሚመለከተው የልማት መዝገብ ውስጥ ግን አልነበረም። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በርቀት የመግባት ሥራ ያለ ምክንያት ስለ ዘገየበት መረመረና ማርች 29 ቀን ለዓለም አሳወቀ። ከዚህም ቀደም ብሎ በ1984 ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምፕሰን ኮምፓይለሩ ራሱ ከተበከለ ንጹሕ ምንጭ ኮድ ማንበብ ብቻውን እንደማያድን አስረድቷል።

ስለዚህ በሁለቱም መንገድ የሌላ ሰው ሥራ እናምናለን። ዋናው ልዩነት ከተጫነ በኋላ ጠባቂው ማነው የሚለው ነው። ጥቅል ስንጭን የደኅንነት ጉድለት ሲገኝ ማሻሻያውን የሚያዘጋጁልን ሌሎች ናቸው። ከምንጭ ስንገነባ ግን ይህን ኃላፊነት ከሥራው ጋር ተረክበናል፤ ማንም አያስታውሰንም።

4. መደምደሚያ

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን እናሳስባለን።

ሀ) ለዕለት ተዕለት ሥራ ጥቅል ይመረጥ።

ለ) አዲስ እትም ሲያስፈልግ፣ በጥቅሉ ውስጥ ያልተካተተ አማራጭ ሲፈለግ፣ ኮዱን ማሻሻል ሲታሰብ፣ ወይም ለመማር ሲባል ከምንጭ ይገንባ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይገነባ የተመረቀ የሙያው ተማሪ ግን ትምህርቱ እንደ ጎደለበት ይወቅ።

ሐ) የተገነባው ሁሉ «ፕሪፊክስ» በተባለው አማራጭ በተለየ ማኅደር ይቀመጥ፤ የሥርዓቱ ማኅደር አይነካ።

መ) ኮዱ ከመገንባቱ በፊት የደራሲዎቹ ፊርማ ካለ ይረጋገጥ። ፊርማው ላኪውን እንጂ የኮዱን ንጽሕና እንደማያረጋግጥ ግን አይዘንጋ።

ሠ) የተገነባው እትም፣ ቀኑና የተመረጡት አማራጮች በጽሑፍ ይያዙ።

በክበባችን ኮምፒዩተሮች ላይ ከምንጭ የተገነባው ሁሉ የሚመዘገብበት ደብተር ከፍተናል። የመጀመሪያውን መስመር የሞላው ያው ሁለት ሌሊት ያስመሸን አባላችን ነው። ይህ ጥናት የመጨረሻ ቃል ስላልሆነ፣ የተለየ አስተያየት ያላችሁ አንባብያን በጽሑፍ እንድታቀርቡልን እንጠይቃለን።