ከተማ ለዝናብ ውሃ አማካሪ የሚቀጥረው ለምንድን ነው?

የአሜሪካ ከተሞችና ካውንቲዎች በየዓመቱ ከሚያወጧቸው ጨረታዎች አንዱ ለብዙዎቻችን ጆሮ እንግዳ ነው። መንገድ አይነጠፍበትም፣ ሕንፃም አይቆምበትም። የሚገዛው እውቀት ነው። ከመንገድና ከጣሪያ እየታጠበ ወደ ወንዝ የሚገባው የዝናብ ውሃ ከተማውን በሕግ እንዳያስጠይቀው የሚሠራ አማካሪ ድርጅት ይቀጠርበታል። ገንዘቡ የግብር ከፋዩ ስለሆነ ምን እንደሚገዛና ምን እንደማይገዛ መረዳት ይጠቅማል።

ለማብራሪያው የዋሽንግተን አካባቢን እንወስዳለን፤ ዲሲን፣ እንዲሁም በሜሪላንድ ያሉትን ሞንትጎመሪ ካውንቲንና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲን። ብዙ አማርኛ ተናጋሪ የሚኖረው፣ ምግብ ቤት የሚከፍተውና መኪና የሚያጥበው እዚያ ነውና ጉዳዩ ደጃፉ ድረስ ይመጣበታል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ቱቦ፣ ሁለት መድረሻ

ከመጸዳጃ ቤትና ከማድ ቤት የሚወጣው ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳል። ዲሲ ውስጥ ይህ ጣቢያ ብሉ ፕሌንስ ይባላል። በመንገድ ዳር ፍርግርግ የሚገባው የዝናብ ውሃ ግን በአብዛኛው ሰፈር ሌላ ቱቦ አለው፤ ይህኛው ማጣሪያ የሚባል ነገር ሳይነካው ወንዝ ውስጥ ይዘረገፋል። በዲሲ ሲሶ ያህሉ አሮጌ ሰፈር ሁለቱንም ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ያስኬዳል፣ የተቀረው ግን ቱቦው የተለያየ ነው። ቱቦው በተለያየባቸው ሰፈሮች ፍርግርግ ላይ የተደፋ የእጥበት ውሃ ወደ ሮክ ክሪክ፣ ወደ አናኮስቲያ ወይም በቀጥታ ወደ ፖቶማክ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል።

ውሃው ባዶውን አይሄድም። የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ብናኝ፣ የውሻ ኩስ፣ የሣር ማዳበሪያ፣ በበረዶ ወቅት መንገድ ላይ የተበተነ ጨው፣ ከግንባታ ቦታ የተሸረሸረ አፈርና የፕላስቲክ ቆሻሻ ይዞ ይወርዳል። መጠኑም ቀላል አይደለም። 1,000 ካሬ ሜትር በሆነ የመኪና ማቆሚያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 10,000 ሊትር ውሃ ነው፤ አስፋልት ስለማያሰርግ አብዛኛው ወደ ፍርግርጉ ይወርዳል። ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ የተጠራቀመውን ጠራርጎ ስለሚወስድ ከሁሉም የባሰ ቆሻሻ ይሸከማል።

አንዳንዱ መርዝ በዓይን አይታይም። በሲያትል አካባቢ ያሉ ኮሆ ሳልሞን ዓሦች ዝናብ በዘነበ ቁጥር ወንዝ ውስጥ ለምን እንደሚሞቱ ለዓመታት እንቆቅልሽ ነበር። ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት ገዳዩ ከመኪና ጎማ የሚመነጭ ኬሚካል መሆኑን አሳዩ። አንድ ማዘጋጃ ቤት እንዲህ ያለውን ነገር በራሱ ሠራተኞች ብቻ ለይቶ ይደርስበታል ማለት ይከብዳል።

ሕጉ ምን ይላል

የ1972 የንጹሕ ውሃ ሕግ መጀመሪያ ዓይኑን የጣለው በፋብሪካና በፍሳሽ ማጣሪያ ቱቦዎች ላይ ነበር። ኮንግረስ በ1987 ሕጉን ሲያሻሽል የከተማ የዝናብ ውሃ ቱቦም ፈቃድ ያስፈልገዋል አለ። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1990 ባወጣው ደንብ 100,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ የሚያገለግሉ የቱቦ መስመሮችን ወደ ፈቃዱ አስገባ፤ በ1999 ደግሞ በከተማ ክልል ያሉ ትንንሾቹን ጨመረ።

ፈቃዱ የሚሰጠው ለአምስት ዓመት ነው። ለትንንሾቹ ከተሞች ስድስት መሠረታዊ ሥራዎች ተዘርዝረዋል፦ ሕዝብን ማስተማር፣ ሕዝብን ማሳተፍ፣ ወደ ዝናብ ቱቦ የሚገባን ሕገወጥ ፍሳሽ ፈልጎ ማቆም፣ የግንባታ ቦታን መቆጣጠር፣ ግንባታው ካለቀ በኋላ ውሃው የሚያዝበትን ዘዴ ማስጠበቅ፣ እንዲሁም የከተማውን የራሱን ጋራዥና ግቢ በንጽሕና መያዝ። ከትልልቆቹ ከዚህም በላይ ይጠየቃል።

ሕጉ ከተማው ብክለቱን እንዲቀንስ የሚያዝዘው «በተግባር እስከተቻለ ድረስ» ነው። የአማካሪው ገበያ የሚደራውም እዚህ ላይ ነው። የተቻለው ምን ያህል እንደሆነ በካርታ፣ በናሙና፣ በስሌትና በሰነድ ማሳየት ያስፈልጋል። ያላሳየ ይጠየቃል፤ የፌዴራሉ የቅጣት ጣሪያ ዛሬ ለአንድ ጥሰት በቀን ከ60,000 ዶላር ያልፋል። መንግሥት ዝም ቢል እንኳ ዜጎች የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ራሳቸው ሊከሱ ይችላሉ።

በዋሽንግተን አካባቢ ሌላም ጫና አለ። በ2010 መጨረሻ ለቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የብክለት ጣሪያ ወጣ፤ ስድስት ክፍለ ግዛቶችና ዲሲ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚሄደውን ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ደለል እንዲቀንሱ ድርሻ ተሰጣቸው። አናኮስቲያ ወንዝ ደግሞ በዚያው ዓመት ለደረቅ ቆሻሻ የተለየ ጣሪያ ተበጀለት። ዲሲ ውስጥ ከሱቅ ስንገዛ ለፌስታል 5 ሳንቲም የምንከፍለውም ከ2010 ጀምሮ ያንን ወንዝ ለማጽዳት ተብሎ ነው።

አማካሪው የሚቀጠረው ለምን ለምን ሥራ ነው

ሥራው በአራት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ማወቅ ነው፦ ቱቦዎቹ ከየት ተነስተው የት እንደሚዘረገፉ በካርታ ማስፈር፣ ናሙና መውሰድ፣ ላቦራቶሪ ማስመርመር። ሁለተኛው ማቀድ ነው፦ ከተማው በአምስት ዓመት ውስጥ የትኛውን ሰፈር በምን ዘዴ እንደሚያክም ማስላት። ሦስተኛው ንድፍ ነው፦ የውሃ ማቆያ ኩሬ፣ መንገድ ዳር ውሃ የሚያሰርግ የአትክልት መደብ፣ ውሃ የሚያሳልፍ ንጣፍ። አራተኛው ሰነድ ነው፦ ደንብ ማርቀቅ፣ ሠራተኛ ማሠልጠንና ዓመታዊ ሪፖርት ማዘጋጀት።

ከተማው ይህን ሁሉ በቋሚ ሠራተኛ የማይሠራው ሥራው ወጥ ስላልሆነ ነው። የውሃ ሞዴል የሚሠራ መሐንዲስ ለስድስት ወር ይፈለጋል፣ ከዚያ ለዓመት ላይፈለግ ይችላል። ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ደግሞ የዝናብ ውሃ ጉዳይ የሚጣለው መንገድም መናፈሻም በሚያየው በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው።

አንድ የቱቦ አፍ፣ በቅርብ ሲታይ

ሥራው በተግባር ምን እንደሚመስል እንይ። ባለሙያው ወደ ወንዝ ዳር የሚወርደው ቢያንስ ለሦስት ቀን ዝናብ ካልዘነበ በኋላ ነው። ዝናብ ከሌለ የዝናብ ቱቦ መድረቅ አለበት። ውሃ እያንጠባጠበ ካገኘው ጥያቄው ይህ ውሃ ከየት መጣ የሚል ይሆናል።

ያሸታል፣ ቀለሙንና አረፋውን ያያል፣ ናሙና ይቀዳል። ውሃው ውስጥ ፍሎራይድ ከተገኘ የቧንቧ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ በብዙ ከተሞች ለመጠጥ ውሃ ፍሎራይድ ይጨመራልና። የሳሙና ኬሚካል ከተገኘ እጥበት ወይም የቤት ፍሳሽ አለበት ማለት ነው። ሁለቱን ለመለየት አሞኒያውን ለፖታሲየሙ ያካፍላል። ውጤቱ ከአንድ ከበለጠ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ይጠረጠራል፤ ካነሰ የእጥበት ውሃ ይሆናል። የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ቁጥር ጥርጣሬውን ያጠናክራል።

ከዚያ ፍለጋው ሽቅብ ይሆናል። የማንሆል ክዳን እየተከፈተ ውሃው እስካለበት ድረስ ይሄዳሉ፤ አንዱ ማንሆል እርጥብ ሆኖ ከእሱ በላይ ያለው ደረቅ ከሆነ ምንጩ በሁለቱ መካከል ነው። እዚያ ያሉ ቤቶች መጸዳጃና መታጠቢያ ውስጥ ቀለም ይጨመርና ቀለሙ በየትኛው ቱቦ እንደሚወጣ ይታያል። ቀለሙ በዝናቡ ቱቦ ከወጣ ቧንቧ ሠራተኛው ምናልባት ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ቦታው ቀጥሎታል ማለት ነው። አስተካክለው ሲመለሱ ቱቦው ይደርቃል።

አማካሪው ዋጋ አለው የሚባለው ፍለጋው እዚህ ሲደርስ ነው። «ቱቦው ላይ ፍሳሽ ታይቷል» ብሎ የሚያበቃ ሪፖርት ግማሽ ሥራ ነው።

በጨረታው ላይ ዋጋ ወይስ ችሎታ

ለጠጠርና ለአስፋልት ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ማሸነፉ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ለምሕንድስና አገልግሎት ግን የፌዴራል መንግሥት ከ1972 ጀምሮ ሌላ ሕግ አለው፤ ብሩክስ አክት ይባላል። መጀመሪያ ተወዳዳሪዎች በልምድና በችሎታ ይመዘናሉ፤ አንደኛ ከወጣው ጋር በዋጋ ድርድር ይደረጋል፤ ካልተስማሙ ወደ ሁለተኛው ይታለፋል። ብዙ ክፍለ ግዛቶችም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በርካሽ የተሠራ ንድፍ የሚያድነው ብር በግንባታና በጥገና ጊዜ እጥፍ ሆኖ ይወጣል።

ዋናው ሰነድ የሥራ ዝርዝሩ ነው። «ፕሮግራሙን ያግዛል» የሚል ልፍስፍስ ዐረፍተ ነገር ለማንም አይበጅም። ስንት የቱቦ አፍ እንደሚመረመር፣ ናሙናው በስንት ሰዓት ላቦራቶሪ እንደሚገባ፣ ምንጩ ካልተገኘ ፍለጋው እስከ የት እንደሚቀጥል በቁጥር መጻፍ አለበት። የካርታውና የመረጃው ባለቤት ከተማው መሆኑም እዚያው ይሰፍራል፤ አለበለዚያ ውሉ ሲያልቅ አማካሪው ካርታውን ይዞ ይሄድና ቀጣዩ ድርጅት ያንኑ ሥራ እንደገና ያስከፍላል። ንድፉን የሠራው ድርጅት ራሱ መርማሪ ሆኖ «ጥሩ ተሠርቷል» እንዳይልም መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ፊርማው የማን ነው

ዓመታዊው ሪፖርት መጨረሻ ላይ «የቀረበው እውነት ነው፣ ሐሰት ቢሆን በሕግ እጠየቃለሁ» የሚል ማረጋገጫ አለ። የሚፈርመው የከተማው ኃላፊ ወይም እሱ በደንቡ መሠረት የወከለው ነው። ግብራችሁን የሒሳብ ባለሙያ ቢሠራላችሁም መንግሥት የሚጠይቀው እናንተን እንደሆነ ሁሉ፣ የፈቃዱ ባለቤትም ከተማው ነው። እውቀት በውል ይገዛል፤ ኃላፊነት ግን ከገዢው አይለቅም።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለዚህ ምስክር ነው። ካውንቲው አቅምም ባለሙያም አያጣም። የ2010 ፈቃዱ ቁጥጥር ካልተደረገለት ውሃ የማያሰርግ ወለል 20 በመቶውን በአምስት ዓመት እንዲያክም ያዝዘው ነበር። በጊዜው አልደረሰም፤ በ2018 ከሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ጋር የፍርድ ቤት ስምምነት ገብቶ የጎደለውን እንዲያሟላ ተገደደ። ተጠያቂው ካውንቲው ነበር።

ጎረቤቱ ፕሪንስ ጆርጅስ ሌላ መንገድ ሞከረ። በ2015 ኮርቪያስ ከተባለ ኩባንያ ጋር የ30 ዓመት ሽርክና ፈጠረ፤ ኩባንያው መንደፍ ብቻ ሳይሆን ማስገንባትና መጠገንም አለበት። የሠራውን ለዓመታት ራሱ የሚጠግን ሰው በቶሎ የሚደፈን ኩሬ አይሠራም የሚል ስሌት ነው። ይህም ሆኖ ፈቃዱ በካውንቲው ስም ነው።

ገንዘቡ ከማን ኪስ ይወጣል

ከባለ ንብረቱ። የክፍያው መለኪያ ብዙውን ጊዜ ውሃ የማያሰርገው ወለል ስፋት ነው። ዲሲ 1,000 ስኩዌር ፊት ጣሪያና ንጣፍ አንድ የክፍያ አሃድ አድርጎ ይቆጥራል፤ ሰፊ መኪና ማቆሚያ ያለው ሱቅ ከትንሽ ቤት የበለጠ ይከፍላል። ሜሪላንድ በ2012 ዘጠኝ ካውንቲዎችንና ባልቲሞርን እንዲህ ያለ ክፍያ እንዲጥሉ ስታስገድድ ተቃዋሚዎች «የዝናብ ግብር» ብለው ተሳለቁበት፤ በ2015 አስገዳጅነቱ ተነሳ፣ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጡ የማሳየት ግዴታው ግን አልተነሳም። ስሙ ያሳስቃል እንጂ የሚከፈለው ለዝናቡ አይደለም፤ ዝናቡ እንዳይሰርግ ለሸፈንነው መሬት ነው።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ

ምግብ ቤት ያላችሁ፣ የወለል ምንጣፍና የቆሻሻ በርሜል ከጓሮ አስፋልት ላይ አትጠቡ። የእጥበቱ ውሃ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ በሚሄደው የውስጥ መታጠቢያ ይፍሰስ። ያገለገለ ዘይት የሚጠራቀምበት በርሜል ክዳኑ ይዘጋ፤ የፈሰሰውን በሚመጥ ነገር አንሱት እንጂ በውሃ አትግፉት። መኪና የምታጥቡ ደግሞ ውሃው የትኛው ቱቦ እንደሚገባ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አረጋግጡ። ተቆጣጣሪው ከመጣ በኋላ «አላወቅሁም» ማለት ቅጣቱን አያስቀርም።

ነዋሪ ብቻ የሆናችሁም ድርሻ አላችሁ። ፈቃዱ ሲታደስ ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ይወጣል፣ ዓመታዊ ሪፖርቱም ለሕዝብ ክፍት ነው። ምክር ቤቱ የአማካሪ ውል ሊያጸድቅ ሲሰበሰብ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ባለፈው ውል ስንት የተበከለ ቱቦ ተገኘ? ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ምንጩ ታውቆ ተዘጋ? ካርታውና መረጃው አሁን በማን እጅ ነው? ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ መልስ ያጣ መሥሪያ ቤት አዲስ ውል ከመፈረሙ በፊት አሮጌው ምን እንዳስገኘለት መመርመር ይቀድመዋል።